ሼከር ላይ የሚያልፉት 30 ደቂቃዎች

በላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪ የሚንቀው ዕቃ ቢኖር ሼከር ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር ጋ ስንደርስ ሁላችንም ተሰልፈን እንጠብቃለን፤ ቁጥሩን የሚሰጠን እሱ ነዋ! ሼከሩን ግን አብርተን ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሐሳቤን ያስቀየረኝን ነገር ከነትምህርቱ ላካፍላችሁ።

ለመመረቂያ ጥናቴ የአፈር ናሙና የሰበሰብኩት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ዙሪያ፣ ከተሁለደሬ ወረዳ ማሳዎች ነው። የምለካው ፎስፈረስ ነበር። ፎስፈረስ ሲያንስ ሰብሉ ይጎዳል። ተርፎ ከአፈሩ ጋር በጎርፍ ሲወርድ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ሐይቁ በገጸ ምድር መፋሰሻ ስለሌለው የገባው በቀላሉ አይወጣም። ናሙና ስወስድ ቆመው ያዩኝ የአንዱ ማሳ ባለቤት፣ “የኔ ልጅ፣ አፈሩ ያለውን ሳትደብቅ ንገረኝ፤ የማዳበሪያው ዋጋ እንደሆነ አይቀመስም” አሉኝ። እሺ አባባ ብዬ ቃል ገባሁ።

የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን የኦልሰን ዘዴ ነው። አፈሩ በጥላ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። 2.5 ግራም ተመዝኖ ፒኤቹ 8.5 የሆነ 0.5 ሞላር ሶዲየም ባይካርቦኔት 50 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል። ከዚያ 30 ደቂቃ ሼከር ላይ ይናጥና ወዲያው ይጣራል። የተጣራው በሞሊብዴትና በአስኮርቢክ አሲድ ሰማያዊ ቀለም እንዲያወጣ ተደርጎ በ882 ናኖ ሜትር ይነበባል።

ታዲያ ለምን 30 ደቂቃ? መናጥ ማለት መቀላቀል ብቻ ስላልሆነ ነው። ፎስፈረሱ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቋል፤ ባይካርቦኔቱ የሚያስለቅቀው ቀስ በቀስ ነው። አፈሩ ከጠርሙሱ ታች ከተኛ ፈሳሹ የሚያገኘው የላይኛውን ብቻ ነው። ደግሞም በ30 ደቂቃ ሁሉም ወጥቶ አያልቅም፤ ብንቀጥል ተጨማሪ ይወጣል። ስለዚህ 30 ደቂቃ የስምምነት ልክ ነው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያልን የምንመድበውም በዚሁ ልክ ነው። እናቶቻችን ወተት ሲንጡ ቶሎ ከተዉት ቅቤው አይወጣም፤ ወተቱ ከቀዘቀዘም እንደዚያው። ሼከርም ጊዜ፣ ፍጥነትና ሙቀት ይፈልጋል። ሜህሊክ 3 በሚባለው ዘዴ ደግሞ አፈሩ ከ10 እጥፍ ፈሳሽ ጋር የሚናጠው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ፈሳሹም ሌላ ስለሆነ የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። አንድ ቀን ናሙናዎቹ 12ኛው ደቂቃ ላይ ሳሉ መብራት ሄደ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በእጄ ናጥኳቸው፤ ክንዴ ሲዝል አንዳንዶቹን ተውኳቸው። ደብተሬ ላይ ግን “30 ደቂቃ” ብዬ ጻፍኩ። ማን ያየኛል ብዬ ነው።

ያየኝ ቁጥሩ ነው። ከአንድ ማሳ በድርብ የሠራኋቸው ናሙናዎች አልገጠሙም። በዚህ ዘዴ በፈሳሹ ውስጥ የተነበበው በ20 ይባዛል፤ 50 ለ2.5 ሲካፈል 20 ነውና። በሊትር 0.1 ሚሊግራም ብቻ ብሳሳት፣ በአፈሩ ላይ በኪሎ 2 ሚሊግራም ስህተት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ማሳው ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሊዘል ይችላል። ያኔ አዛውንቱ ትዝ አሉኝ። የአፈሩን ሳይሆን የክንዴን ድካም ልነግራቸው ነበር! ለቴክኒሺያናችን የሆነውን ተናግሬ፣ ደብተሩን አርሜ፣ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። አንድ ሳምንት ሄደብኝ፤ አልቆጨኝም።

ለታናናሾቼ የምለው ይህን ነው። ጠርሙሶቹ ዓይነታቸውና መጠናቸው አንድ ይሁን፤ ጢም ብለው አይሞሉ፣ ፈሳሹ መናወጫ ቦታ ይፈልጋል። አፈር የሌለበት ብላንክና ውጤቱ የታወቀ ናሙና አብረው ይናጡ። የተጀመረበትን፣ የቆመበትን ሰዓትና ፍጥነቱን እንደሆነው ጻፉ፤ መብራት ከሄደም ሄደ ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም ነገር ይናጣል ማለትም አይደለም። ከሐይቁ ለሟሟ ኦክስጅን የሚቀዳ ውሃ ከአየር ጋር ከተናጠ ከአየሩ ኦክስጅን ይቀላቀልበትና ውጤቱ ይበላሻል።

ስፔክትሮፎቶሜትሩ የሚያነበው ሼከሩ ያወጣለትን ነው። እንግዲህ ሻዩ ይቆየንና ሼከሩ አጠገብ እንቁም። ቸር ይግጠመን።