«ቢጋይል»፦ እያስደሰተ የሚያስት

ዛሬ አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ይዤ መጥቻለሁ። ምክንያት አለኝ። ከወጣቶቻችን አንዷ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ፓስተር፣ ትምህርት ቤት ‹ቢጋይሊንግ› ፈገግታ ሲባል ምስጋና ነው። በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሔዋን እባቡ ያደረገባትን የምትናገረው በዚሁ ቃል ነው። የቱ ነው ትክክል?»

ሁለቱም ትክክል ነው። ትምህርቱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ቃሉ የተሠራው «ጋይል» ከሚለው ስም ነው፤ ተንኮል ማለት ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ቢጋይል» ሲል ማታለሉን ነው። ዛሬ ግን ሰዎች ለሚማርክ ነገርም ይጠቀሙበታል፤ እኛ አማላይ ድምፅ፣ አማላይ ፈገግታ እንደምንለው። ጊዜን ሳይታወቅ በጨዋታ ማሳለፍም በዚሁ ቃል ይነገራል።

የእኛም ቋንቋ ይህን ያውቃል። እናት የሚያለቅስ ልጇን ታባብላለች። አጭበርባሪም ያባብላል። ቃሉ አንድ ነው። እናት ልትሰጥ ነው የምታባብለው፤ አጭበርባሪው ግን ሊወስድ ነው። አባቶቻችን «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ያሉት ለዚህ ነው።

አንደኛ፣ ማታለል ደስ በሚል ነገር ይመጣል። ዘፍጥረት 3፥6ን አንብቡ። ሔዋን ያየችው ለዓይን የሚያምር፣ ለመብል የሚሆን ዛፍ ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 2፥14 ላይ እንግሊዝኛው «ቢጋይል» ያለው የግሪክ ቃል ደግሞ በምግብ ማጥመድ ማለት ነው። ዓሣ ባዶ መንጠቆ አይውጥም፤ የሚውጠው ምግቡን ነው።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ የሚወስደው ነገር አለ። ቆላስይስ 2፥18 ላይ ያለው የግሪክ ቃል ከውድድር ሜዳ የመጣ ነው፤ ዳኛ በሯጩ ላይ ፈርዶ ሽልማቱን ሲከለክለው ማለት ነው። እኅቴ፣ ከሌሊት ሥራ ደክመሽ ገብተሽ ስልክሽን ትከፍቻለሽ። አንድ ሰው ስምሽን ይጠራል፤ አገር ቤት ያለችው እናትሽ መታመሟን ይናገራል፤ ታለቅሺያለሽ። ቀጥሎ የባንክ ቁጥር ይመጣል። ብሩስ ይተካል። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቃል ሲመጣ እንኳ ማመን ያቅትሻል። ይህ በእናንተ ብቻ አይደርስም። እኛም አገልጋዮች እንፈተናለን፤ ጉባኤ «አሜን!» ሲለን ይጣፍጠናል፤ ጣዕሙን ስንከተል እውነቱን እንጥላለን።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ እግዚአብሔርን መጠየቅ ነው። ኢያሱ ምዕራፍ 9 ላይ የገባዖን ሰዎች የሻገተ እንጀራ፣ ያረጀ ጫማና የተቀደደ የወይን ጠጅ አቁማዳ ይዘው «ከሩቅ አገር መጣን» አሉ። የእስራኤል ሰዎች ስንቃቸውን መረመሩ። ቁጥር 14 ግን እግዚአብሔርን እንዳልጠየቁ ይነግረናል። ቃል ኪዳን ከገቡ ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ ሰሙ። ኢያሱ ለምን እንዳታለሏቸው ሲጠይቃቸው፣ በዚያ ትርጉም ያለችው ግሥ ይህችው «ቢጋይል» ናት።

ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን ቢታገሡ ኖሮ እውነቱን ያውቁ ነበር! ስለዚህ ልብህን የሚያሞቅ ነገር ሲያስቸኩልህ ቁም። ጸልይ። ቃሉን ክፈት። የሚያውቅህን አንድ ወንድም አማክር። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ሦስት ቀን ስለቆየ አይበላሽም።

ለልጃችንም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፦ «ያማረ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ሲያምርሽ ‹ምን ሊወስድብኝ ነው?› ብለሽ ጠይቂ።» ጌታችን ናትናኤልን ተንኮል የሌለበት ብሎ አመሰገነው። በራሱ በጌታችንም አፍ ተንኮል አልተገኘም። እርሱ ሲጠራን ሊወስድብን አይደለም፤ ራሱን ሊሰጠን ነው። ሰጥቶንማል።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ የሚጣፍጠንን ሳይሆን እውነት የሆነውን የምንወድ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።