ቀባሪው ተደራጅቷል፤ ጧሪውስ?

በአገራችን አነጋገር አንድ ሰው በእርጅናው ዘመን ብቻውን መቅረቱን ስንገልጽ «ጧሪ ቀባሪ የለውም» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ዘወትር ተያይዘው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስሉናል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ቀባሪ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን፣ ከነለቅሶው ቢቆጠር ለሦስት ቀን ነው፤ ጧሪ ግን ለዓመታት ያስፈልጋል። በዚህ የጥናት ጽሑፍ የምንመረምረው ከተሞቻችን ለእነዚህ ለሁለቱ ሥራዎች እንዴት እንደ ተደራጁ ነው። ከመጀመሪያው ሐሳባችንን ለመግለጽ ያህል፣ ቀባሪውን በሚያስደንቅ ሁኔታ አደራጅተናል፤ ጧሪውን ግን ለየቤቱ ትተነዋል።

እድርን የማያውቅ የለም። ሆኖም ስለለመድነው ምን ያህል የተሟላ ድርጅት እንደ ሆነ አናስተውልም። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የአባላቱ ስም በመዝገብ ተጽፏል። የወሩ መዋጮ በቀኑ ይሰበሰባል፤ የዘገየ ይቀጣል፣ ከቀብር የቀረም እንዲሁ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃንና ብርጭቆው ሳይቀር በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሰው ሌሊት ቢሞት ጡሩምባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩን ይዞራል፤ ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ውኃው ተጥዶ ይገኛል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደመወዝ የማይከፈላቸው ጎረቤቶች ናቸው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሌላ ድርጅት በከተሞቻችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚንቀሳቀሰው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። አንዲት ባልቴት በጓዳዋ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ብትውል ጡሩምባ አይነፋላትም። ከዚህም የባሰ አለ። በብዙ እድሮች ደንብ መሠረት መዋጮውን ለተወሰነ ወር ያቋረጠ አባል ይሰረዛል። ሰው መዋጮ የሚያቅተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱ ሲደክምና ገቢው ሲቆም ነው። ስለዚህ ከጉሮሮአቸው ቀንሰው የእድር የሚከፍሉ አረጋውያን አሉ። ለቀብራቸው ሲሉ ምሳቸውን ይተዋሉ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ለማንም ወጣት የሚቻል አይመስለንም።

እድር ከቀብር በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በከተሞች በበረታ ጊዜ የቀብሩ ብዛት የብዙ እድሮችን ሣጥን አራቁቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ማስታመም፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። ስለዚህ የጎደለው ችሎታ አይደለም። የአረጋዊ ችግር እንደ ወረርሽኝ ድንገት ስለማይመጣ፣ ቀስ እያለ ስለሚገባ፣ ስብሰባ የሚጠራለት ቀን አጥቷል።

በመንግሥት በኩል የተዘረጋውንም ማወቅ ይገባናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲመድብ ይደነግጋል። ከዚህ በታች ያሉት አገልግሎቶች ሦስት ናቸው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጡረታ ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም እንዲገቡበት ተደርጓል። ነገር ግን በየመንደራችን ያሉትን እናቶች እንመልከት። እንጀራ ጋግረው፣ እንጨት ተሸክመው፣ ጠላ ጠምቀው፣ በሰው ቤት ልብስ አጥበው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ሠርተዋል፤ ግን ሥራቸው ፔሮል ላይ ያልወጣ በመሆኑ ጡረታው አያገኛቸውም።

ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ነው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደሴና ድሬዳዋ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ሲከፈለው፣ አረጋውያንና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች ሥራ ሳይጠየቁ በ«ቀጥታ ድጋፍ» ይረዳሉ። ተረጂው የሚለየው በሰፈር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ሊመርጥ የሚችለው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ከተሞችም ገብቷል። የመክፈል አቅም የሌላቸውን ሰዎች መዋጮ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ግን መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ከዚያ ማጻፍ ያስፈልጋል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው እማማ ማልደው ተነሥተው መሰለፍ፣ ካርድ ማውጣት፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ በየመድኃኒት ቤቱ መጠየቅ አለባቸው። ይህን ሁሉ የሚያደርግላቸው እግር ከሌለ መታወቂያው ትራስ ሥር ያለ ወረቀት ነው።

የዓይንን ነገር ለብቻው ማንሣት እንወዳለን። በ1998 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያደረሰው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሕመም በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። የነጻ ቀዶ ሕክምና ዘመቻም በየጊዜው በልዩ ልዩ ከተሞች ይደረጋል። ሆኖም ብዙዎች «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ብርሃናቸውን አጥተው ይቀመጣሉ። ማስታወቂያውን የሚያነብላቸው፣ እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው፣ ማታ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲመለሱ ደጃቸው ድረስ የሚያደርሳቸው አንድ ሰው ብቻ ያስፈልግ ነበር። ሐኪሙ፣ መሣሪያውና መድኃኒቱ ተሟልተው አንድ ወጣት በመጥፋቱ ሰው ታውሮ ሊቀር ይችላል ብንል አልተጋነነም።

የመኖሪያ ቤትም ጉዳይ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስፋት መሠራት የጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አራት ፎቅ ያላቸው ሆነው አሳንሰር የላቸውም። ከቀበሌ ቤት ተነሥተው አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አባት ቤታቸው አማረ፣ ሽንት ቤቱም ለብቻቸው ሆነ፤ ጉልበታቸው ግን ከደረጃው ጋር ስላልተስማማ ከቤት መውጣት ተዉ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመርም ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ወጣት በአዲስ ሰፈር ጓደኛ ለማግኘት አንድ ወር ይበቃዋል። 40 ዓመት በአንድ ግቢ ቡና የተጣጡ ሰዎች ሲለያዩ ግን አረጋዊው ያጣው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ በጠዋት በሩ ካልተከፈለ «ምን ሆኑ?» የሚለውን ሰው ነው ያጣው።

መጠለያ ጨርሶ ላጡትና መንገድ ላይ ለወደቁት እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት አሉ፤ አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረተው ይህ ማዕከል በአዲስ አበባ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ሲረዳ ቆይቷል። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የአንድ ከተማ አረጋውያን ሁሉ ወደ ማዕከል ሊገቡ አይችሉም፤ ቢጠየቁም አብዛኞቹ በገዛ አልጋቸው ላይ መሆንን ይመርጣሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በየቤቱ ያሉትን ማን ያያቸዋል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር እንዴት እንደ መለሱት ለማየት ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በጃፓን «ሚንሴይ ኢን» የሚባሉ የሰፈር ተጠሪዎች አሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1917 እና በ1918 በኦካያማና በኦሳካ የተጀመረው አሠራር ሲሆን፣ በ1948 ሕግ ወጥቶለታል። ለሦስት ዓመት ይሾማሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። እያንዳንዳቸው የተወሰነ መንደር ተሰጥቷቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ይጎበኛሉ፤ ችግር ሲያዩ ለከተማው ጽሕፈት ቤት ያስታውቃሉ። በየቤቱ ያዩትንና የሰሙትን ምሥጢር እንዲጠብቁም ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ይህ እኛንም የሚመለከት ቁም ነገር ነው። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አረጋውያን ሕግ ወጥቶ፣ በ1972 የምሳ አገልግሎት ተጨመረበት። ዕድሜው 60 የሞላ ሰው በሰፈሩ አዳራሽ ከእኩዮቹ ጋር ይመገባል፤ ቢፈልግ የአቅሙን ይሰጣል እንጂ ዋጋ አይጠየቅም። ከቤት መውጣት ለማይችለው ምሳው ይላክለታል። ምሳውን የሚያደርሰው ሰው በሩን ሲያንኳኳ መልስ ካላገኘ ነገሩን ለሚመለከተው ይናገራል። ከምግቡ ይልቅ ይህ ማንኳኳት ሳይበልጥ አይቀርም።

ሁለቱም አገሮች ከእኛ ይልቅ ሀብታሞች መሆናቸው የታወቀ ነው። የምንወስድላቸው ግን ገንዘባቸውን ሳይሆን ለእያንዳንዱ አረጋዊ በስም የተመደበ ሰው መኖሩን ነው። በሐዋርያት ዘመንም የተነሣው ጉምጉምታ ምግብ አነሰ የሚል አልነበረም፤ በዕለቱ አገልግሎት አንዳንዶቹ መበለቶች ቸል ተባሉ የሚል ነበር። መፍትሔውም ሰባት ሰዎችን ለሥራው መመደብ ሆነ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1ን የአረጋውያን ቀን አድርጎ ሰይሞታል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ፣ ከግሸን ማርያም ክብረ በዓል ጋር ይውላል። በዚህ ጊዜ፣ እንዲሁም በእንቁጣጣሽና በፋሲካ፣ አረጋውያንን ሰብስቦ ማብላት እየተለመደ መጥቷል፤ በክረምትም ወጣቶች የሚያፈስ ጣሪያ ሲቀይሩ እናያለን። የጣሪያው ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማል። የምሳው ግብዣ ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ አንዳንዴ ከበሉት ይልቅ ፎቶግራፍ ያነሡት ይበዛሉ። በማግሥቱ የሚመለስ የለም።

ደግሞም አረጋዊ የሚፈልገው መብላት ብቻ አይደለም። ይኸው ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ አረጋውያን አምስት መርሖችን ሲያወጣ እንክብካቤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ራስን መቻል፣ ተሳትፎ፣ ራስን ማሻሻልና ክብር ናቸው። ወደ እማማ ቤት ስንገባ ዳቦውን አስቀምጠን «እግዜር ይስጥልኝ» ሰምተን ከምንወጣ፣ ቁጭ ብለን ጥጥ እንዴት እንደሚፈተል እንዲያሳዩን ብንጠይቃቸው የበለጠ ደስ ይላቸዋል። የፈተሉትም ፈትል ለሸማኔ ይሸጣል። በጎረቤት መካከል ጠብ ሲነሣም አባባን ለሽምግልና መጥራት ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬም የሚፈለጉ መሆናቸውን ያውቁበታል። ቡና የሚያፈላ ካለና አንድ ጥላ ያለው ግቢ ከተገኘ፣ በሳምንት አንድ ቀን አረጋውያንን ለማገናኘት አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። ወንበሩ ከእድር ቤት ይመጣል። ድንኳኑም ቢሆን በሕይወት ላሉት ቢተከል አያረጅም።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት መጀመር ያለበት ከመዝገብ ነው። የእድሩን ጸሐፊ አስፈቅደን፣ ከአባልነት የተሰረዙትንም ጨምረን፣ በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ስም እንጻፍ። የተሰረዙትን አለመርሳት ነው ዋናው፤ ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት እዚያ ውስጥ ናቸውና። ከስሙ ጎን የጤና መድኑ መታወቂያ የሚታደስበት ወር፣ መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን፣ የዓይናቸው ሁኔታ ይጻፍ። የሴፍቲኔቱ ኮሚቴ ያላወቃቸው ካሉ ለወረዳው የሚያመለክትላቸው አንድ ሰው ይመደብ። መዝገቡ ከሁለት ሰው እጅ አይውጣ፤ የሰው ድህነት የቡና ወሬ እንዳይሆን።

ወደ አንድ ቤት የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው፣ በተቻለ መጠን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይሁኑ፤ ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ እንዳለ ሁሉ፣ እማማ ለወንድ ልጅ የማይናገሩት ሕመም አለና። እነዚያው ሁለቱ በየሳምንቱ ወደዚያው ቤት ይመለሱ። በየጊዜው አዲስ ፊት ከመጣ አረጋዊው ስሙንና ታሪኩን እንደ ገና ሲናገር ይውላል፤ ሕመሙ መባሱን የሚያስተውል ግን አይኖርም። ቀኑም የታወቀ ይሁን። ረቡዕ እንመጣለን ብለን ሐሙስ ብንሄድ፣ እሳቸው ረቡዕን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ ውለዋል። በመጨረሻም በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ እንጨምር፤ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ጥሪ የሚመልስ ቢታጣ ሁለተኛው ቁልፍ በየትኛው ጎረቤት እጅ እንዳለ የሚጻፍበት።