የጤና ትምህርት፦ ጨውና የደም ግፊት

ባለፈው ሳምንት በማደሪያችን የአንድ ጓደኛችንን የደም ግፊት ደጋግመን ብንለካ 150/95 ሆነ፤ እሱ ግን ምንም ሕመም አልተሰማውም። ደም ብዛት አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳው እንዲህ ተደብቆ ነው።

ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። ከቤት የሚላክልን በርበሬና ሽሮ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ገብቶበት የተፈጨ ነው፤ እኛ ግን ወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለን። እዚህ የምንገዛው አይብ፣ የወይራ ፍሬና ተርሺም ጨው ይበዛበታል።

ስለዚህ ወጡን ሳንቀምስ ጨው አንጨምር፤ ምስርና ጎመን እናዘውትር። ጓደኛችንን ወደ ሐኪም ልከነዋል፤ ሌሎቻችንም ሳይመሽብን እንለካ።