ሰሌዳና ቁምሳጥን

የኮምፒዩተር ክፍላችን አሮጌ ማሽኖች ሲንቀራፈፉ አንዳንዶቻችን የሰው ፋይል እንሰርዛለን። በቅርቡ የአንዲት ሰልጣኝ የትምህርት ዕቅድ እንዲሁ ጠፋ፤ ማሽኑ ግን ያው ነው! ለምን ቢባል ዲስክ ቁምሳጥን፣ ራም ደግሞ ሰሌዳ ነውና። የቁምሳጥኑን ደብተር ብንጥል ሰሌዳው አይጠራም። (ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ባለቤቱ ይጠየቅ።)

2 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ማሽን ብዙ ገጽ ሲከፈትበት ሰሌዳው ይሞላል፤ ትርፉን ዲስክ ላይ እየጻፈ፣ መልሶ እያነበበ ይውላል። መንቀራፈፉ ከዚህ ነው።

እንግዲህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ታስክ ማኔጀርን እንክፈት፤ «ሜሞሪ» የሚለውን ስንነካ ትልቁ በላተኛ ከላይ ይወጣል። የራሳችን ፕሮግራም ከሆነ ሥራችንን ሴቭ አድርገን እንዝጋው፤ የማናውቀውን ስም አንንካ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሡትን «ስታርትአፕ» ውስጥ ገብተን ማስቆም እንችላለን።