አመድ የሸፈነው ፍም

ከፀሐይ እጅግ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ የገዛ ክብደቱን መሸከም ይሳነዋል። መኻሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ ውጪኛው አካሉ በታላቅ ፍንዳታ ወደ ጠፈር ይበተናል። ፍንዳታው ሱፐርኖቫ ይባላል። ከተደረመሰው መኻል ብዙ ጊዜ የሚቀረው ኒውትሮን ኮከብ ነው። ይህ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ይከብዳል፤ ወርዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ትንሽ አካል ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት ይገኛል? ገና ወጣት የሆነ ኒውትሮን ኮከብ ገጹ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እንዲህ የጋለ ነገር ደግሞ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚረጨው ዓይን በማያየው ኤክስሬይ ነው። የምድር አየር ኤክስሬይን ስለሚያስቀር መመልከቻው ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት በነበረችው በካሲዮፒያ ስም በሚጠራው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ 11,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ ካሲዮፒያ ኤ የተባለ የሱፐርኖቫ ፍርስራሽ ይገኛል። የፍንዳታው ብርሃን ምድር ከደረሰ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሊቃውንት በመኻሉ ኒውትሮን ኮከብ ቢፈልጉም ለብዙ ዓመታት አላገኙም። ፍርስራሹ ራሱ በኤክስሬይ ስለሚያበራ፣ ፍም በአመድ እንደሚሸፈን፣ ኮከቡ በድምቀቱ ተሸፍኖ ነበር።

በሐምሌ 1999 (እ.ኤ.አ.) ቻንድራ የተባለው የአሜሪካ የኤክስሬይ መነጽር ወደ ጠፈር ተላከ። በነሐሴ ይፋ በሆነው ሥዕሉ ላይ፣ ከፍርስራሹ መኻል አጠገብ፣ አንዲት ነጥብ ታየች። የሚያስገርመው ግን ሊቃውንቱ ወደ ቀድሞዎቹ መነጽሮች ሥዕሎች ተመልሰው ሲመረምሩ ነጥቢቱን በደብዛዛው አገኟት፤ ኖራለች፣ ልብ ያላት ግን አልነበረም።

ሆኖም ነጥብ ማግኘት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከኋላ ያለ ሩቅ ጋላክሲም ነጥብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በክራብ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው ኒውትሮን ኮከብ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ብልጭ እያለ ራሱን ያስታውቃል። የካሲዮፒያዋ ነጥብ ግን ብልጭ ድርግም አትልም። ጨረሯ በሃይድሮጂን አየር ተሰልቶ ሲታይ ደግሞ የሚያበራው ገጿ ለኒውትሮን ኮከብ እጅግ ያነሰ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊን ሆ እና ክሬግ ሃይንኪ በሃይድሮጂን ፈንታ ካርቦን አድርገው ቢያሰሉት መጠኑ ከኒውትሮን ኮከብ ጋር ተስማማ። በዚህ ስሌት መሠረት የካርቦኑ አየር ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከምንባቡ የወጡ ጥያቄዎች
1. ነጥቢቱ በቀድሞዎቹ ሥዕሎች ላይ እያለች ሳትለይ የቀረችው ለምንድን ነው?
2. «ልብ ያላት» የሚለውን ሐረግ በሌላ ቃል ተክታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ።