«ቸርች» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ትምህርታቸው «ቸርች» የሚለውን ቃል ያገኛሉ። ትርጉሙን ብንጠይቃቸው «ቤተ ክርስቲያን» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉ ከአንድ በላይ ፍች ስላለው፥ የትኛውን ማለታቸው እንደ ሆነ ደግመን ልንጠይቃቸው ይገባል።

1. የቃሉ ምንጭ

«ቸርች» ከግሪክኛው «ኪርያኮን» የመጣ ሲሆን፥ ፍችው «የጌታ የሆነ» ማለት ነው። በግሪክኛው ሐዲስ ኪዳን የተጻፈው ቃል ግን «ኤክሌሲያ» ነው፤ ይኸውም ተጠርቶ የተሰበሰበ ጉባኤ ማለት ነው። የፈረንሳይኛው «ኤግሊዝ» የተገኘው ከዚህ ነው። የእኛው «ቤተ ክርስቲያን» የክርስቲያን ቤት ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ቤት» ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም፤ «ቤተ ዳዊት» ስንል የዳዊትን ወገን ማለታችን ነውና።

2. አገባቡ

ሀ. ሕንፃው፦ ግንበኛ ግድግዳ ሊጠግን ሲሄድ እንግሊዝኛው «ጎ ቱ ዘ ቸርች» ይላል።

ለ. ጸሎቱ፦ ለማስቀደስ ሲኬድ ግን «ዘ» ቀርታ «ጎ ቱ ቸርች» ይባላል። «አፍተር ቸርች» ሲሉም «ከቅዳሴ በኋላ» ማለታቸው ነው። እኛ ይህን «አስቀደስሁ»፥ «ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ» በማለት እንለየዋለን።

ሐ. ምእመናኑ፦ ቅዱስ ጳውሎስ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይልካል (ሮሜ 16፥3-5)። በቤት ውስጥ የቆመ ሌላ ሕንፃ ማለቱ አይደለም፤ በዚያ ለጸሎት የሚሰበሰቡትን ማለቱ ነው እንጂ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ፥ በሁለተኛው ምዕራፍ «የእግዚአብሔር ሕዝብ» ብሎ ይጠራታል።

3. የመርጡለ ማርያም ምሳሌነት

ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ፥ ማደሪያ ማለት ስለሆነ፥ «መርጡለ ማርያም» የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1607-1632) ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዚያው ስፍራ ሠርተዋል። የዚያ ሥራ ቅሪት ከነተጠረበው ድንጋይ ዛሬም ይታያል፤ አብዛኛው ግን ፈርሷል።

ታዲያ በመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፈረሰች እንላለንን? የጥንቱ ሕንፃ ፈርሷል። የአካባቢው ሕዝብ ግን እምነቱን ለልጅ ልጅ እያስተላለፈ በዚያው ስፍራ እስከ ዛሬ ይጸልያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍች ሲያልፍ ሦስተኛው እንደሚኖር ከዚህ እንማራለን።

4. በማስተማር ጊዜ

በጸሎተ ሃይማኖት በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን ስንል፥ ሕፃኑ የሚያስበው በሰፈሩ ያለውን ሕንፃ ሊሆን ይችላል። ሳናብራራለት ብንቀር በግንብ የሚያምን ይመስለዋል፤ ካደገም በኋላ ቤተ ክርስቲያንን ማገልገል ማለት ለጣራና ለአጥር ገንዘብ ማዋጣት ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ የታመመውን ጎረቤቱን መጠየቅ ግን ከዚያ ውጭ ይሆንበታል። ሕንፃውን ማክበርና መጠበቅ ተገቢ ነው፤ የሚከበረው ግን በውስጡ ስለሚሰበሰበው ሕዝብና ስለሚቀርበው መሥዋዕት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ሕያዋን ድንጋዮች የሚለው ምእመናንን ነው (1ጴጥ 2፥5)።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ቃል በሦስቱ ፍቾች እያገባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
2. በቁምስናችን ከሕንፃው እድሳት ይልቅ የተዘነጋ «ሕያው ድንጋይ» ማን ነው?