የበገና ትምህርት በዩቲዩብ ፍለጋ እንዲቀድም

ጥያቄ፦ የበገና ድርደራ ትምህርት በዩቲዩብ እያዘጋጀሁ አወጣለሁ፤ ነገር ግን በፍለጋ ጊዜ ከኋላ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን ሆይ፥ ዩቲዩብ ፈላጊው የጻፈውን ቃል ከቪዲዮው አርእስት፣ መግለጫና ይዘት ጋር እያስተያየ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም ከተመልካቹ ብዛት ይልቅ ተመልካቹ የቆየበትን ጊዜ አብልጦ እየመዘነ ቅደም ተከተሉን የሚወስን በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድመው በቪዲዮው መግቢያ ረጅም መቅድም ካለ ያሳጥሩትና አርእስቱ ተስፋ የሰጠውን ትምህርት ወዲያው ይጀምሩ። አርእስቱም «ክፍል ሦስት» ከሚል ይልቅ፣ ተማሪው ራሱ እንደሚጠይቀው፣ «የበገና አውታር እንዴት ይቃኛል» ቢል እጅግ ይሻላል። በሞክሼ ሆሄያት ምክንያት ሕዝቡ «ዐሥሩ አውታር» የሚለውን «አስሩ አውታር» እያለ ስለሚጽፍ፣ ሁለቱንም በታግ ስፍራ ያስገቡ፤ የታግ ጥቅም ከዚህ ብዙ አያልፍምና። ተመልካች በገንዘብ መግዛት ግን የዩቲዩብን ሕግ መተላለፍ ስለሆነ፣ እንዲህ ላለው ክቡር ትምህርት ፈጽሞ አይገባም።